ዕቃው ተቀየረ፣ ጩኸቱ ግን አልሄደም

የዛሬው ርእሳችን ጠባብ ነው፤ ከጠረጴዛ ላይ የማያልፍ አንድ ትንሽ መጋዝ ያረጀ ዕቃው ተቀይሮለት ሲያበቃ ለምን ይጮኻል የሚል። ሁኔታውን የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማሽኑ ቋ ቋ ማለት ይጀምራል። ይፈታል፣ ያለቀው ኩሽኔታ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ማብሪያው ይጫናል። ቋ ቋ ቋ። አንዳንዴ እንዲያውም ከቀድሞው ብሶ። በዚያች ቅጽበት ከባለቤቱ አፍ የሚወጡት ፍርዶች ሦስት ናቸው፤ ወይ ዕቃው ፎርጅድ ነው፣ ወይ ሠራተኛው አልቻለበትም፣ ወይ ማሽኑ አብቅቶለታል። ሦስቱም አልፎ አልፎ እውነት ይሆናሉ። እኔ የምከራከረው ግን ሦስቱም ቸኩለው የመጡ ናቸው ብዬ ነው። ከጥገና በኋላ የሚሰማ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለገባው አዲስ ዕቃ ሳይሆን ሳይነካ ስለቀረው አሮጌ ዕቃና ስለ አገጣጠሙ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ዕቃ ለመግዛት ወደ መርካቶ ከመሄድ በፊት ጩኸቱ ራሱ መመርመር አለበት፤ ለምርመራውም እጅ፣ ጆሮና አንድ ረጅም ካቻቢቴ ካሉ ሌላው ብዙ አያስቸግርም።

ስለየትኛው መጋዝ እንደምናወራ ላስታውስ። ስክሮል ሶው የምንለው 13 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም ቀጭን ምላጭ በሁለት ክንዶች መካከል ወጥሮ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመላልስ፣ ኮምፔርሳቶና ስስ ጣውላ በተጠማዘዘ መስመር የሚቆርጥ ማሽን ነው። ምላጯ ቀጭን ስለሆነች እንጨቱ በዙሪያዋ እንደልብ ይዞራል፤ በተሰረሰረ ቀዳዳ ውስጥ አሾልኮ ጠርዙን ሳይነኩ የመሐሉን ብቻ ማውጣትም ይቻላል። በፒያሳና በአካባቢው ከቀሩት የጥንት ቤቶች በረንዳና የጣሪያ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለውን የእንጨት ዳንቴል አስቡት፤ የስክሮል ሶው ሥራ እንደዚያ ያለ ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኙት ባለ ትይዩ ክንድ ማሽኖች ናቸው። ላይኛውና ታችኛው ክንድ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ከፊት ምላጯ፣ ከኋላ የመወጠሪያው ዘንግ ያያይዛቸዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ማሽን ላይ ምላጯ መቁረጫ ብቻ አይደለችም፣ የአካሉ አንድ አጥንት ናት። ድምፁን ለብቻው ልስማ ብሎ ምላጭ ሳያስገቡ ሞተሩን ማስነሳት ላይኛውን ክንድ ያለ ልጓም መልቀቅ ነው፤ የሚሰማው ጩኸትም የበሽታው ሳይሆን የሙከራው ይሆናል።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ፤ ክርክሩ የቆመው እዚህ ላይ ነውና። የተለመደው ፍጥነቱ የሚቀያየር ማሽን በደቂቃ ከ400 እስከ 1750 ምት ይመታል፤ የአንዱ ምት ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ምላጯ ላይ ትደርሳለች፣ ትቆማለች፣ ትመለሳለች፤ ታች ትደርሳለች፣ ትቆማለች፣ ትመለሳለች። ይህን ማስቆምና መመለስ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቱ ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። በክንዱ ጫፍ የሚንቀሳቀሰው ነገር ከነምላጭ መያዣው 300 ግራም ይመዝናል እንበል። በ400 ምት እሱን ለመመለስ የሚያስፈልገው ጉልበት ግማሽ ኪሎ እንደማንሳት ነው። በ1750 ምት ግን ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል፤ 19 እጥፍ መሆኑ ነው። ይህ ጉልበት በእያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ አቅጣጫ ይቀይራል፤ በሙሉ ፍጥነት በሰከንድ 58 ጊዜ ያህል። በማጠፊያው ውስጥ ክፍተት ካለ፣ አቅጣጫው በተቀየረ ቁጥር ፒኑ ክፍተቱን በባዶ ያቋርጥና ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ቋ የምትለው ድምፅ ይህች ናት። ክፍተቱም ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። ከክንዱ ማጠፊያ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሚገፋው ማያያዣ ውስጥ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ልቅነት ቢኖር፣ 40 ሴንቲ ሜትር በሚረዝመው ክንድ ጫፍ ላይ ሲደርስ 0.8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይገኛል። ዓይን ከኋላ የማያየውን እጅ ከፊት የሚይዘው ለዚህ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ማሽን አንድ ማጠፊያ ብቻ የለውም። እንደ አሠራሩ አራትም ስድስትም ስምንትም መገናኛ ይኖረዋል፤ ሁሉም በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ አቧራ፣ በአንድ ግራሶ አብረው አርጅተዋል። አራቱ እኩል ያንኳኳሉ ብለን እንውሰድና አንዱን ሙሉ በሙሉ ፈውሰን ሦስቱን እንተው። ከጠቅላላው ጩኸት የሚቀነሰው 1.2 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከአራቱ ሁለቱን ብንፈውስ እንኳ 3 ዴሲቤል ነው፤ በሥራ ቤት ግርግር ውስጥ የሰው ጆሮ ልብ የሚለው ለውጥ ደግሞ ከዚያ ገደማ ይጀምራል። ጩኸቱ በግማሽ ቀነሰ ብሎ ሰው እንዲናገር 10 ዴሲቤል ያህል መውረድ አለበት። ስለዚህ አንድ ኩሽኔታ ቀይሮ «ምንም ለውጥ የለም» የሚለው ባለቤት ጆሮው አልዋሸውም፤ የዋሸው ከጆሮው የተነሣው ድምዳሜ ነው። ዕቃው ድርሻውን ሠርቷል፤ ድርሻው ግን በጆሮ የሚለይ አልነበረም። የስሌቱ ሌላ ገጽም አለ። ትልቁ ድምፅ ትንሹን ይሸፍናል። ትልቁ ሲወገድ ተሸፍኖ የኖረው የመጫኛ እግሩ መንቀጥቀጥ፣ የክዳኑ ክርክርታ፣ የነፋስ ቱቦዋ መንጫጫት ገና ዛሬ የተወለደ መስሎ ይሰማል። «ከጥገናው በፊት ይህ ድምፅ አልነበረም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል፤ ድምፁ ነበረ፣ ሰሚ አላገኘም እንጂ።

ከሁሉም የሚያታልለው ግን በመርፌ ኩሽኔታ የሚሠራው ማጠፊያ ነው። የመርፌ ኩሽኔታ በኳስ ፈንታ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ዘንጎችን ቀለበት ውስጥ ደርድሮ የያዘ ነው። ብዙዎቹ የውስጥ ቀለበት የላቸውም፤ መርፌዎቹ የሚንከባለሉት በቀጥታ በፒኑ ወይም ፒኑን ባለበሰችው የብረት ቧንቧ ላይ ነው። በመኪና ጎማ ውስጥ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ግራሶውንም በየዙሩ መልሶ ይቀባል። በስክሮል ሶው ክንድ ውስጥ ግን መርፌዎቹ ጥቂት ዲግሪ ወዲህ፣ ጥቂት ዲግሪ ወዲያ እያሉ በአንድ ቦታ ይሻሻሉ። ግራሶው ከሥራቸው ተገፍቶ ይወጣል፣ ተመልሶ አይገባም። ብረት ከብረት ጋር በደረቁ ሲሻሽ በፒኑ ላይ በመርፌዎቹ ልክ የተሰለፉ ቦዮች ይቀረጻሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1930ዎቹ በአሜሪካ አዳዲስ መኪኖች በባቡር ተጭነው ረጅም መንገድ ሲጓዙ፣ ጎማቸው አንድ ዙር ሳይዞር ከባቡሩ ንዝረት ብቻ የጎማ ኩሽኔታቸው ተበላሽቶ እየጮኹ ይወርዱ ነበር። መሐንዲሶች ጉዳቱን «ሐሰተኛ ብሪኔል» አሉት፤ በ1900 የብረትን ጥንካሬ በጠንካራ ኳስ ተጭኖ በሚፈጠር ጉድጓድ የሚለካበትን ዘዴ ባቀረበው ስዊድናዊ በዮሃን አውጉስት ብሪኔል ስም። ሐሰተኛ የተባለው ጉድጓዱ በአንድ ከባድ ምት የተፈጠረ ይመስላል፣ እውነቱ ግን የሺህ ጥቃቅን መሻሸቶች ሥራ ስለሆነ ነው። አሁን ወደ መጋዛችን ስንመለስ ይታያችሁ፤ ባለቤቱ መርፌዎቹን ቀይሮ ፒኑን እዚያው ተወው። አዲሶቹ መርፌዎች በአሮጌ ቦይ ላይ ተኙ። ዕቃው አዲስ፣ መንገዱ አሮጌ። ከዚህ በኋላ የተገዛው ኩሽኔታ ፎርጅድ ነው ማለት፣ ጫማ ቀይሮ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጫማውን እንደመርገም ነው። ምርመራው ቀላል ነበር፤ ፒኑን በጨርቅ ጠርጎ በጥፍር ርዝመቱን አቋርጦ መሳብ። ጥፍር ተንጠልጥሎ ከቆመ ፒኑም ይቀየራል።

ሁለተኛው የበደል ምንጭ አገባቡ ነው፤ እዚህ ላይ ሠራተኛው ከሙሉ ነቀፋ አያመልጥም። የኳስ ኩሽኔታ ሲገባ ግፊቱ ማረፍ ያለበት ጠብቆ በሚገባው ቀለበት ላይ ነው። ወደ ቤቱ ጠብቆ የሚገባውን ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበቱን በመዶሻ መምታት ማለት ምቱን በኳሶቹ በኩል ማሳለፍ ነው፤ እያንዳንዱ ኳስ በመንገዱ ላይ ጉድጓዱን ይተዋል፤ ያኛው ሐሰተኛ ከሆነ ይህ እውነተኛው ብሪኔል ነው። ማሽኑ ተነሥቶ አንድ እንጨት ሳይቆርጥ ኩሽኔታው አርጅቶ ይጀምራል። ሥሡን የመርፌ ኩሽኔታ ደግሞ ጽሑፍ በታተመበት ፊቱ በኩል፣ ልኩ በሆነ ዘንግ ተደግፎ፣ በሞርሳ ቀስ ብሎ መጫን ነው ደንቡ። ሮንዴላዎቹም አሉ። ሲፈታ ከጠረጴዛ ተንከባልላ የጠፋች አንዲት ስስ ሮንዴላ ክንዱን በጎን ታላውሰዋለች፤ በስሕተት ሁለት የተደረበች ደግሞ ታጣብቀዋለች። ብሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅ ልቅነትን ያድናል ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አለ። የሚሆነው ግን የማጠፊያው ጆሮዎች ተጣበው ኩሽኔታውን በጎን ይጫኑታል፤ ቋቋታው ጠፍቶ በምትኩ ሲር ሲር የሚል ልቅሶና ሙቀት ይመጣል። የሞተሩን ዙር ወደ ምት የሚለውጠው ጎባጣ አካል በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚታሠረው በትንሽ ብሎን ነው፤ ብሎኗ በዘንጉ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ካላረፈች ለአሥር ደቂቃ ይዛ ከዚያ ትለቃለች። ሚዛን ጠባቂው ክብደት ተገልብጦ ከተገጠመ ደግሞ ኩሽኔታው ሁሉ ወርቅ ቢሆን ማሽኑ ጠረጴዛውን ይዞ ይዘላል።

ይህን ሁሉ በምን እንለየዋለን? በእጅ እንጀምር፤ ሶኬቱ ከግድግዳው ወጥቶ፣ ጠፍቶ ብቻ ሳይሆን ወጥቶ። ምላጯ በልኳ ተወጥራ እያለች በአንድ እጅ የሞተሩን ዘንግ ቀስ አድርጎ ማዞር፣ የሌላውን እጅ ሌባ ጣት ደግሞ በየማጠፊያው ላይ ማሳረፍ፤ የጣቱ ግማሽ በፒኑ ጫፍ፣ ግማሹ በማያያዣው ላይ እንዲሆን። ምላጯ ላይኛው ጫፍ ደርሳ ስትመለስና ታችኛው ጫፍ ደርሳ ስትመለስ፣ ደህናው ማጠፊያ ሁለቱንም የጣት ግማሾች አንድ ላይ ይዞ ያልፋል። የላላው ግን አንዱን ግማሽ ቀድሞ፣ ሌላውን ዘግይቶ ይነካል። ዓይን በዚያ ቦታ ምንም አያይም፤ የጣት ቆዳ ግን ከፀጉር የቀጠነ መንሸራተትን ያውቃል። ቀጥሎ የምላጯን ውጥረት አላልቶ ያንኑ መድገም ነው። ውጥረቱ ክንዶቹን ወደ አንድ ወገን ስቦ ስለሚይዝ የማጠፊያዎቹን ልቅነት ይደብቃል፤ ሲላላ የተደበቀው ይገለጣል። በሥራ ላይ የሚሰማው ቋቋታ ውጥረቱ ሲጨመርና ሲቀነስ መልኩን ከቀየረ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በክንዶቹ ማጠፊያ ወይም በምላጭ መያዣው ነው፤ ካልቀየረ ወደ ሞተሩ ጫፍ መሄድ ይሻላል። ልክ ያለው ውጥረት ምላጯ በጣት ወደ ጎን ስትገፋ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የምትሰጥበት ነው። ከዚያ በላይ የምትሰጥ ምላጭ ራሷ በጠረጴዛው ቀዳዳ ላይ ታንኳኳለች፤ ይህን ሳያዩ ማሽን የፈቱ ሰዎች ጥቂት አይመስሉኝም።

ከእጅ በኋላ ፍጥነት ይመጣል። በ400 ምት ማሽኑ በሰከንድ ሰባት ጊዜ የሚጠጋ ይመታል፤ ጆሮ ይከተለዋል። በ1750 ግን ግጭቶቹ ተደራርበው አንድ ወጥ ጉርምርምታ ይሆናሉ፣ የሚለይ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ጩኸቱ የሚያስፈራው በከፍተኛው ፍጥነት ቢሆንም የሚነበበው በዝቅተኛው ነው። ከዝቅተኛው ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ማዳመጥ ነው። ከምቱ ጋር አብሮ የሚፈጥን ቋቋታ ከሞተር እስከ ምላጭ ካለው ሰንሰለት የመጣ ነው። በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ ብድግ ብሎ ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም የሚጠፋ ክርክርታ ግን የኩሽኔታ ጉዳይ አይደለም፤ አንድ የላላ ክዳን፣ አንድ ያልጠበቀ ጠረጴዛ፣ አንድ መሬት ያልነካ የማቆሚያ እግር የራሱን የመንዘር ፍጥነት አግኝቶ ነው። የማይንቀሳቀሱትን አካላት ተራ በተራ በመዳፍ መጫን ይበቃል፤ ሲጫን ዝም ያለው ጥፋተኛው ነው። ለቀረው የካቻቢቴውን ጫፍ በማይንቀሳቀሰው የማሽኑ ቤት ላይ፣ እጀታውን በጆሮ አጠገብ ባለው አጥንት ላይ አሳርፎ ቦታ እየቀያየሩ መስማት ነው። ቦታው ከሚንቀሳቀስ ነገር የራቀ ይሁን፤ ካቻቢቴ ጆሮ ላይ ሆኖ ክንድ ቢመታው ነገሩ የመጋዝ ጥገና መሆኑ ያበቃል።

ከምት ፍጥነት ጋር ፈጽሞ የማይቀየር ድምፅም አለ፤ ይህ በተለይ በእኛ አገር ሊታሰብበት ይገባል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ወይም በኮንቴይነር የመጣ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። መሐል የሚገባው ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፤ ኸርዙን ግን እንዳለ ያሳልፈዋል። ትራንስፎርመሩ ራሱ በሰከንድ 100 ጊዜ እየነዘረ ይጎረምሳል፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከመጋዙ ጋር ከተቀመጠ ጠረጴዛው ከበሮው ይሆናል። ማሽኑ አንድ ፍጥነት ብቻ ባለው ኢንዳክሽን ሞተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በአሜሪካ በደቂቃ 1725 ይዞር የነበረው እዚህ 1440 ገደማ ይዞራል። ፍጥነቱ ሲወርድ የግጭቱ ጉልበት ይቀንሳል፤ ግን እዚያ ጸጥ ያለው ክዳን እዚህ የሚንዘርበት ፍጥነት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ፍጥነታቸው በኤሌክትሮኒክስ የሚቀያየረው ሞተሮች ይህ ችግር እምብዛም አይነካቸውም። መለያው ቀላል ነው፤ ትራንስፎርመሩን አንሥቶ መሬት ላይ በጨርቅ ላይ ማስቀመጥ። ጉርምርምታው አብሮ ከወረደ ኩሽኔታው በከንቱ ተጠርጥሯል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ጠንካራውን ላስቀድም። «ማጠፊያዎቹ ሁሉ አብረው ካረጁ ለምን ሁሉንም አንድ ላይ አንቀይራቸውም? ምርመራው የሚፈጀው ጊዜ ከኩሽኔታው ዋጋ ይበልጣል» ይባላል። ግማሹን እቀበላለሁ። ከአራት መርፌ ኩሽኔታ አንዱ በደረቅነት ካለቀ ሦስቱ ሩቅ አይሆኑም፤ ክንዱ አንድ ጊዜ ከተፈታ አራቱንም ከነፒናቸው መቀየር ብልህነት ነው። ዋጋውም እንደሚፈራው አይደለም፤ የኩሽኔታ ቁጥር ዓለም አቀፍ ነው። በጎኑ 608 የተባለ የኳስ ኩሽኔታ የትም ቢሠራ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤችኬ 0810 የተባለ የመርፌ ኩሽኔታም ውስጡ 8፣ ውጩ 12፣ ርዝመቱ 10 ነው። የማሽኑን ስም ይዞ ዕቃ ከውጭ ከማስላክ ይልቅ ቁጥሩን ይዞ ኩሽኔታ ሻጭ ዘንድ መሄድ ይቻላል። ግማሹን ግን አልቀበልም። ሁሉን መቀየር የተረሳችውን ሮንዴላ አይመልስም፣ የተገለበጠውን ክብደት አያዞርም፣ የላላውን ጠረጴዛ አያጠብቅም። እንዲያውም ስምንት ዕቃ በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ማሽኑ ከጮኸበት ስምንት ተጠርጣሪ በአንድ ጊዜ ፈጥሯል፤ ከመካከላቸው የትኛው በመዶሻ እንደገባ ማን ያውቃል? በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ቀይሮ፣ በተመሳሳይ ፍጥነትና ውጥረት አዳምጦ፣ በደብተር ላይ አንድ መስመር መጻፍ ዘገምተኛ ይመስላል፤ ሁለት ጊዜ ከመፍታት ግን ይፈጥናል።

ሌሎች ደግሞ «አዲስ ዕቃ እስኪለማመድ ነው፤ ግራሶ አጠጡትና ይሥራ» ይላሉ። የነሐስ ቦኮላ ባለበት ማሽን ይህ ትንሽ እውነት አለው፤ አዲስ ቦኮላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲር ሲር ብሎ ገጹ ሲስማማ ይተዋል። ኩሽኔታ ግን ለማዳ አይሆንም። ቋቋታ የክፍተት ድምፅ ነው፤ ክፍተት ደግሞ በሥራ ብዛት ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ግራሶው ለጊዜው ክፍተቱን ሞልቶ ግጭቱን ያለሰልሳል፣ በሽታውን ይሸፍናል፣ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ደግሞ ሞረድ ይሆናል። ጭቅጭቁን በመለኪያ መፍታት ይቻላል፤ ጩኸቱ የሚጀምርበትን ፍጥነት በመደወያው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ሁለት ሰዓት ማሠራት። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ከምልክቱ በላይ ብቻ የሚጀምር ከሆነ ማሽኑ እየተስማማ ነው፣ «እስኪለማመድ ነው» ያሉት ረቱ። ከምልክቱ በታች መጀመር ከያዘ ግን እየባሰ ነው፣ ማቆም ነው።

«ልምድ ያለው ባለሙያ ጆሮው ይበቃዋል፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። የባለሙያ ጆሮ የሚበቃው ያልናቸውን ሙከራዎች በሐሳቡ ፈጥኖ ስለሚያካሂድ ነው፤ ፍጥነቱን ሲጨምርና ሲቀንስ፣ ክዳኑን በመዳፉ ጫን ሲያደርግ አስተውሉት። ከዚህ የሚከብደኝ «እስከ ቆረጠ ድረስ ይጩኽ» የሚለው ነው። የአሜሪካ የሥራ ላይ ጤና ተቋም ኒዮሽ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት። ስክሮል ሶው ከመጋዞች ሁሉ ለስለስ ያለው ስለሆነ ደህናው ማሽን ጆሮ ላያስፈራ ይችላል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ፊቱን ከሥራው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ደፍቶ ለሰዓታት የሚቀመጥበት ማሽን ነው፣ አጠገቡም አቧራ መሳቢያውና ሌላው መጋዝ አሉ። ከጆሮው በተጨማሪ እንጨቱም ይጎዳል። ማጠፊያው ሲላላ ምላጯ ከምቱ ጫፍ ላይ ወደ ጎን ትጠማዘዛለች፤ የተቆረጠው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሳይወርድ ያዘነብላል፣ ተገጣጣሚው ቁራጭ ከላይ ገብቶ ከሥር ይጣበቃል። ምላጭ የሚበጠስበት ቁጥርም ይጨምራል፤ የአንድ ሳምንት የምላጭ ወጪ ሲደመር የኩሽኔታውን ዋጋ ማለፉ እንግዳ ነገር አይሆንም።

በመጨረሻም ምን ያህል ጸጥታ እንደሚጠበቅ እንነጋገር፤ ሁሉ ነገር ተስተካክሎም ማሽኑ ድምፅ አያጣም። በሰከንድ 58 ጊዜ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት የሚቀለብስ ነገር ዝም ሊል አይችልም፤ መስማት ያለብን ወጥ ሹክሹክታና የምላጯን ዝዝታ ነው። ብዙዎች መፈተኛ የሚያደርጉት ሳንቲም ነው። አንድ ብር ሳንቲም በመጋዙ ጠረጴዛ ላይ በጠርዙ ይቆማል፣ ፍጥነቱ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ካልወደቀ ማሽኑ ደህና ነው ይባላል። ፈተናው መልካም ነው፣ ግን የሚፈትነው የጠረጴዛውን ንዝረት እንጂ የማጠፊያውን ልቅነት አይደለም። ከባድ ማቆሚያ ላይ በብሎን የታሠረ፣ በሥሩ የአሸዋ ከረጢት የተጫነበት ማሽን ፒኑ ቦይ እያወጣ እንኳ ሳንቲሙን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ስለዚህ ሳንቲሙ ቆሞ ሳለ ፍጥነቱን ወደ 400 መልሱት፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ጣታችሁን በማጠፊያው ላይ አሳርፋችሁ ዘንጉን አንድ ዙር አዙሩት።